የአራት ማዕዘኑ ሲጋር ጌታ

«ሙት ወቃሽ አያድርገኝ» ማለት ወግ ነው። እኔ ግን ያድርገኝ። ሙሴ ታምራት አረፈ ሲሉኝ መጀመሪያ የመጣብኝ ሐዘን አልነበረም፤ «አሁንስ ማን እርስዎ ይለዋል?» የሚል ሐሳብ ነው።

የደወለልኝ ልጁ ሚኪያስ ነው። ቀፊራ ገበያ ቲማቲም እየመረጥኩ ነበር። «እትዬ ሮማን፣ አባዬ አረፈ» አለኝ። ነፍስ ይማር፣ እግዜር ያጽናህ፣ የሚባለውን ሁሉ አልኩት። ከዚያ የደወለበትን ነገር አመጣው። ቀብሩ ነገ በዘጠኝ ሰዓት ነው፤ ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ውስጥ የሕይወት ታሪኩ ይነበባል፤ ልደቱንና ትዳሩን እነሱ ጽፈዋል፤ የሥራውን ግን የሚያውቅ የለም።

«ስለ ሲጋሩ ካንቺ በላይ ማን ያውቃል? ነገ ጠዋት ወረቀት ይዤ ልምጣ፣ እየነገርሽኝ እጽፈዋለሁ» አለኝ።

«ና» አልኩት። ስልኩን ዘግቼ የመረጥኩትን ቲማቲም እዚያው ትቼ ወጣሁ። ስንት ዓመት በሆዴ ይዤው የኖርኩት ነገር በመጨረሻ የሚጻፍበት ወረቀት አገኘ ብዬ ነው።

ሙሴ የምንለው ራሱ በሉኝ ስላለን ነበር። ድሬዳዋ ውስጥ ድሮ የምድር ባቡሩን ፈረንሳዮች ሙሴ ይሏቸው ነበር። እሱ ደግሞ በጎረምሳነቱ ባቡሩ ዕቃ ግምጃ ቤት ሳጥን ሲያገላብጥ ስለቆየ ማዕረጉን የወረሰ መሰለው። ፈረንሳይኛው ከ«ቦንዡር» ተነስቶ «ሳ ቫ» ላይ ይቆማል። የባሰው ግን «እርስዎ»ው ነው። የእኛ ከተማ ቄሱንም ሼኩንም ከንቲባውንም አንተ ይላል። ንቀት አይደለም፤ ሙቀቱ ነው መሰለኝ ቃል ማስረዘም አያስወድደንም። ሙሴ ግን አንተ ያለውን ሰው አይሰማም። አፍጥጦ እያየ ይደነቁራል።

አንድ ቀን የሳጥን አናጢያችን አብዲ በጋሪ የጫነውን አዲስ ሳጥን ይዞ መጣና ከበሩ ላይ «ወሪያ ታምራት! ና ሳጥንህን ተረከብ!» ብሎ ተጣራ። ሙሴ ጀርባውን ሰጥቶ ቆመ። አብዲ ሦስት ጊዜ ጠራው። «አቦ ይሄ ሰውዬ ጆሮው ውስጥ ምንድን ነው የከተተው?» አለና ሳጥኖቹን ግቢው ውስጥ ፀሐይ ላይ ከምሮ ሄደ። ሙሴም እርስዎ ተብሎ ካልተለመነ አላስገባም ብሎ እስከ ማግስቱ ተዋቸው። የድሬዳዋ ፀሐይ ደግሞ ማንንም እርስዎ አይልም። ከግማሽ በላይ የሆኑት ሳጥኖች ተጣመው ክዳናቸው አልገጥም አለ። ሙሴ ቅር አላለውም፤ ክብሩ አልተጣመመማ።

ይህቺን የሳጥን ነገር ያዙልኝ፤ የሚመጣው ሁሉ ከእሷ ነው የሚነሳው።

የምንሠራው ከኢንዱስትሪ መንደሩ ወዲህ ባለ አንድ አሮጌ መጋዘን ውስጥ ነበር። ባለቤቱ ጅቡቲ የሚኖር ነጋዴ ነው፤ ሲጋሩን ለመርከብ ሰዎችና ለሆቴሎች ይሸጣል። የሚጠቀልሉት ሴቶች ናቸው። እኔ መራጭ ነበርኩ፤ ቀለሙን አያለሁ፣ ስንጥቅ ያለውን አወጣለሁ። ሙሴ የሁላችን አለቃ ነው። ነጭ ሸሚዝ ይለብሳል፣ ደረት ኪሱ ላይ ሁለት ሲጋር ይሰካል። ሲያጨስ ግን አይታወቅም። አንዴ ባለቤቱ ለኩሶ ቢሰጠው በሳል ሊሞት ደርሶ ውሃ አፍስሰንበታል። ሥራው ምን ነበር ካላችሁ፣ አንድ ሲጋር ያነሳል፣ ጆሮው አጠገብ ያሽከረክረዋል፣ ዓይኑን ይጨፍናል፣ ከዚያ «ሲጋር ጌታውን ያውቃል» ይላል። ይኸው ነው። ሴቶቹ ሻይ ሲደፋባቸው «ሻይ ጌታውን ያውቃል» እየተባባሉ ይስቁበት ነበር።

እንግዲህ ዘይነባ። ዘይነባ የጀልዴሳ ልጅ ናት፤ ከእኔ በትንሽ ታንሳለች፣ ስትስቅ መላ አካላቷ ነው የሚስቀው። የተቀጠረችው ለማሸጊያ ክፍል ነበር። ሳጥኖቹ በተጣመሙ ሰሞን ጭነቱ ለማግስቱ ባቡር መድረስ ነበረበት። ሲጋሩ ብዙ፣ ደህና ሳጥን ጥቂት። ዘይነባ ምን ታድርግ? ገና ከሚጠቀልሉት ሴቶች እጅ የወጣውን፣ እርጥበቱ ያልለቀቀውን ሲጋር ላይ በላይ አጭቃ ጠቀጠቀችው። ክዳኑ አልዘጋ ሲላት የወፍጮ ድንጋይ ጫነችበት። ባቡሩ ደግሞ ዘገየ። ሳጥኖቹ ድንጋይ እንደተሸከሙ ሦስት ቀን ቆዩ።

ሲከፈቱ ክብ ሆኖ የገባው ሲጋር አራት ማዕዘን ሆኖ ወጣ። እርስ በርሱና ከሳጥኑ ጋር ተጋፍቶ ጎንና ጠርዝ አውጥቶ፣ እንደ ሳሙና በረድፍ ተኝቷል። ሙሴ ባየው ጊዜ ጩኸቱ ደቻቱ ወንዝ ማዶ ተሰማ። «የሰው ንብረት አበላሸሽ! ከየት በረሃ ነው ያመጡሽ!» አላት። እሷ አንገቷን ደፍታ ቆመች። ያን ጊዜ ጭነቱ ለምን ቀረ ብሎ ከጅቡቲ የመጣው ባለቤቱ ገባ፤ አንዱን አነሳ፣ በጣቶቹ መሐል አገላበጠው፣ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠው። አልተንከባለለም። ፊቱ በራ።

«ይሄን ማን ሠራው?»

ሙሴ ሸሚዙን ሳብ ሳብ አድርጎ፣ «የእኔ እጅ ነው። ባቡሩ ላይ ሳለሁ አንድ ፈረንሳዊ ያስተማረኝ ምስጢር ነው» አለ። ገና የስድቡ ምራቅ ከንፈሩ ላይ አልደረቀም ነበር። ዘይነባን አየኋት። ከመሳቅ ራሷን ለመከልከል ከንፈሯን ነክሳ ነበር።

ከዚያ በኋላ ሥራውን ያሳደገችው እሷ ናት። ሙሴ አንዱን ክፍል ቆለፈበት፣ ቁልፉን እንደ መስቀል አንገቱ ላይ አሰረ፣ ምስጢር እንዳይወጣ ብሎ ስልካችንን በር ላይ መቀበል ጀመረ። ወደ ውስጥ የምትገባው ዘይነባ ብቻ ናት፤ መዝገብ ላይ «ጽዳት» ተብላ። እኔ ሳጥን ሳቀብላት እያየሁ ነው የገባኝ። ሲጋሮቹን በጣውላ መሐል በረድፍ ትደረድራለች፣ ከላይ እርጥብ ጆንያ ታለብሳለች፣ ድንጋይ ትጭናለች። በተወሰነ ጊዜ ድንጋዩን አንስታ እያንዳንዱን ሲጋር ሩብ ዙር ታዞርና መልሳ ትጭናለች።

«ድንጋዩ እኮ አይደለም ሮሚ» አለችኝ አንድ ቀን። «ድንጋዩማ ያዝ አድርጎ ነው የሚያቆየው። የሚሠራው ውሃውና ጊዜው ነው። ቅጠሉ እርጥብ ሳለ በይው የፈለግሽውን፣ ይሆንልሻል። ደርቆ ከገፋሽው ወላሂ ይሰነጠቃል። ባንድ ጎኑ ብቻ ከተውሽው ደግሞ ቂጣ ነው።»

«መቼ መቼ ነው የምታዞሪው?»

«ጠዋት ስገባ እጭናለሁ። የዙሁር አዛን ሲባል አዞራለሁ፣ ዓስር ሲባል አዞራለሁ፣ መግሪብ ሲባል አዞርና ወደ ቤቴ። አራት ጎን፣ አራት ጊዜ።»

«ለምን በአዛን?»

«አቦ ስልኬን ወስዶብኝ በምን ልወቅ!» ብላ ሳቀች። «መስጊዱ አይቀማኝ።»

ነገሩ ይኸው ነው። ሙሴ ምስጢር ያለው ነገር ራሱ በቀማው ስልክ ምክንያት የመጣ የሰዓት አቆጣጠር ነበር። እሱ ግን በቁልፉ ቀዳዳ እያጮለቀ ያያት ኖሯል፤ አዛን ሲባል ብድግ ስትልና ስታዞር አይቷል። የገባው በራሱ መንገድ ነው።

ዘይነባ የወንድሟ ሠርግ ደረሰና ሦስት ቀን ጀልዴሳ ልትሄድ ፈቃድ ጠየቀች። ትልቅ ትእዛዝ የመጣበት ሳምንት ነበር። ከመሄዷ በፊት በሩ ላይ እኔ ቆሜ እየሰማሁ፣ «ሙሴ፣ ጆንያውን ያርጥቡት፣ በአዛን በአዛን ያዙሯቸው» አለችው። «እኔን ልታስተምሪኝ ነው?» አላት። ከሄደች በኋላ ጆንያው ይሸታል ብሎ አውጥቶ ጣለው። ድንጋዩን በእጥፍ አደረገው።

በማግስቱ መብራት ጠፋ። የድሬዳዋ ሰው መብራት ሲጠፋ ቬንትሌተሩን አይቶ «አይ» ይላል እንጂ ብዙም አይገርመው። ሆኖም መብራት ሲጠፋ የመስጊዱ ድምፅ ማጉያም ይጠፋል፤ ሙአዚኑ በአፉ የሚጠራው ደግሞ እኛ መጋዘን ድረስ አይደርስም። ስምንት ሰዓት ካለፈ በኋላ ሳጥን ይዤ ብሄድ ሙሴ በሩን ከፍቶ፣ ወንበሩን መስኮቱ ሥር አስጠግቶ፣ እጁን ከጆሮው ኋላ ደግኖ ተቀምጧል።

«ሙሴ፣ አልዞሩም እንዴ?» አልኩት።

«ዝም በይ! አዛን አልተባለም።»

«ሰዓት እጅዎ ላይ አለ እኮ።»

«ሰዓት አይደለም ምስጢሩ!» አለ በሹክሹክታ። «አዛኑ ነው። ያለ አዛን ከነካሽው ይበላሻል።»

ሻርፔን አፌ ውስጥ ከትቼ ነው የወጣሁት። በየእሑዱ ቅዳሴ ላይ ከፊት ካልቆምኩ የሚል ሰው! የዚያን ቀን ድሬዳዋ ውስጥ እንደ ሙሴ አዛን የጠበቀ ሙስሊም አልነበረም። ሁለት ቀን መብራት አልመጣም፣ ሁለት ቀን አላዞረም።

አዛኑ ሰዓት ማወቂያ ብቻ እንደሆነ ልነግረው እችል ነበር። ገብቼ ራሴ ላዞረውም እችል ነበር። አላደረግኩትም፤ ይውደቅ፣ ጉዱ ይታይ ብዬ ነው። ለሴቶቹ ሁሉ እየዞርኩ አወራሁላቸው፣ ስንስቅ ዋልን። ሰውዬው ሲወድቅ ማን ላይ እንደሚወድቅ አላሰብኩም።

ድንጋዩ ሲነሳ የተገኘው የተረገጠ ነገር ነው። ክብም አይደለም፣ ማዕዘንም የለው። የላይኛው ቅጠል ተሰነጣጥቆ ሆዱ ወጥቷል። ባለቤቱ ከጅቡቲ ገሥግሦ መጣ። ዘይነባም የዚያኑ ዕለት ከሠርግ ተመለሰች፤ የእጇ ሂና ገና ጥቁር ነው። ሁላችንንም ሰበሰቡን።

«ይቺ ናት» አለ ሙሴ፣ ጣቱን ቀስሮ። «ሳታረጥበው ጥላው ሄደች። የእኔን ምስጢር ለማበላሸት ነው።»

ዘይነባ ሳቀች። ቀልድ መስሏት ነበር። ከዚያ ማንም ሳይስቅ ሲቀር ፊቷ ተለወጠ። «ወላሂ አርጥቤ ነው የሄድኩት! ሮማንም ቆማ ሰምታለች፣ ጠይቋት!»

ባለቤቱ ወደ እኔ ዞረ። «አንቺ ነሽ የምታዪው። እውነቱ ምንድን ነው?»

ሙሴም አየኝ። አላስፈራራኝም፤ ዓይኑን ብቻ ከእኔ ወደ በሩ፣ ከበሩ ወደ እኔ መለሰ። ሁለት ልጅና የቤት ኪራይ ነበረብኝ። «እኔ መምረጫው ጋ ነበርኩ፤ ያየሁት ነገር የለም» አልኩ።

በዚያው ዕለት አስወጧት። «ዝም አይነቅዝም» ይላሉ። ይነቅዛል። ከዚያ ወዲያ አንድ ደህና አራት ማዕዘን ሲጋር ከዚያ ክፍል አልወጣም፤ ሙሴ አንዴ ቅጠሉ ነው፣ አንዴ እንጨቱ ነው ሲል ባለቤቱ ሰልችቶት መጋዘኑን ዘጋ። ሙሴ ግን የዘይነባን የመጨረሻ ሲጋሮች ኪሱ ላይ ሰክቶ በየሠርጉና በየዕድሩ «ይህን ያወጣሁት እኔ ነኝ» እያለ ኖረ። ማንም ሳቅ አላለበትም። እኔም በተገኘሁበት ሁሉ ጠላዬን አቀርቅሬ እጠጣ ነበር።

ዘይነባ ደቻቱ ድልድይ አጠገብ የተቀቀለ ድንች በዳጣ ትሸጣለች። ቲማቲሙን ትቼ የሄድኩት ወደ እሷ ነው።

«ሙሴ ሞተ» አልኳት።

«ኢና ሊላሂ!» እጇን ደረቷ ላይ አደረገች። «መቼ? ቀብሩ መቼ ነው? እሄዳለሁ።»

«ያንን ሁሉ አድርጎሽ?»

«አቦ ተይ፣ አብረን በልተናል።»

ይቺ ናት ዘይነባ። እኔ ግን ደሜ ፈላ። «ስሚኝ» አልኳት፣ «የሕይወት ታሪኩን የሥራ ክፍል የምናገረው እኔ ነኝ። ልጁ ነገ ጠዋት ይመጣል። ሲጋሩን የሠራችው ዘይነባ ናት ብዬ አስጽፈዋለሁ። በድምፅ ማጉያ፣ በሰው ሁሉ ፊት ስምሽን ትሰሚያለሽ።»

«ቀብር ላይ? ተይ ሮሚ፣ ነውር ነው።»

«ነውሩ የእሱ ነው።»

ድንቹን መላጥ ቀጠለች። ሦስት ያህል ከላጠች በኋላ ቀና ሳትል፣ «ዘይነባ ብቻ አትበይ እሺ፣ ዘይነባ ብዙ ነው» አለችኝ። «የድልድዩዋ ዘይነባ በይ። ልጆቼም ይመጣሉ።»

ሌሊቱን ሙሉ ቃሉን ስደረድር አደርኩ ብል ውሸት ነው፤ በደንብ ተኛሁ። እርግጠኛ ነበርኩ። ጠዋት ሚኪያስ መጣ። እንደ አባቱ ደረቱን የሚነፋ ይመስለኝ ነበር፤ ትከሻው ወድቆ፣ ጺሙ አድጎ፣ በር ላይ ጫማውን ሊያወልቅ የሚታገል ልጅ ነው። ተቀመጠና ከወረቀቱ በፊት በመሐረብ የተጠቀለለ ነገር አወጣ። አንድ ደረቅ፣ አራት ማዕዘን ሲጋር።

«ከትራሱ ሥር ነው ያገኘነው» አለኝ። «ልጅ ሳለሁ ትምህርት ቤት ወስጄ ለጓደኞቼ አሳይቼው ነበር። አባዬ በእጁ የሠራው ብዬ። እሱ ሌላ ያሳየን ነገር የለም እትዬ ሮማን። ቤት ውስጥ እንኳ ብዙ አያወራም ነበር። ይሄን ብቻ ነው የሚያወራው።»

ብዕሩን አነሳና ጠበቀኝ። የዘይነባ ስም ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር። ሲጋሩን አየሁት፤ ጠርዙ ያኔ እንደወጣ ነው፣ አንዱ ጎን ካንዱ አይበልጥም። የእሷ እጅ እንደሆነ በጨለማ ዳብሼም አውቀዋለሁ።

«ጻፍ» አልኩት። «አቶ ታምራት… አራት ማዕዘኑን ሲጋር በከተማችን ለመጀመሪያ ጊዜ…»

«እሺ።»

«…በእጃቸው የሠሩ።»

በእጃቸው አልኩ። ሙሴ ዕድሜውን ሙሉ የለመነው ክብር ከእኔ አፍ ወጣ። ሚኪያስ ጻፈና ቀና አለ። «አብሯቸው የሠራ ሰው ነበር? ካለ ስሙን እንጥቀስ፣ ደስ ይለዋል።»

ልጁ በሩን ወለል አድርጎ ከፈተልኝ እኮ። ዓይኑ እርጥብ ነበር። የዚህን ልጅ ሐዘን እንዴት ላበላሽ አልኩ። ይሉኝታ ነው አልኩ። አሁን ሳስበው ግን መጋዘኑ ውስጥ የነበረችው ያቺው ሮማን ናት፤ ያኔ የቤት ኪራይ አለች፣ አሁን ይሉኝታ አለች።

«ብቻቸውን ነው» አልኩት።

በዘጠኝ ሰዓት ግቢው ሞላ። ሙስሊም ጎረቤቶቹ እንደ ልማዳችን ከአጥሩ ውጭ ዛፉ ሥር ቆመዋል። ዘይነባ የበዓል ድሪያዋን ለብሳለች፣ ሁለቱ ሴት ልጆቿ ግራና ቀኝ ይዘዋታል። ከሩቅ ስታየኝ በአንገቷ ሰላም አለችኝ። ሄጄ አጠገቧ ቆምኩ፤ ለምን እንደሄድኩ አላውቅም። ፍትሐቱ አለቀና ንባቡ ተጀመረ። ተወለዱ፣ አገቡ፣ ወለዱ። ሥራው ጋ ሲደርስ የልጆቿን እጅ ጥብቅ አድርጋ ያዘች።

«…አራት ማዕዘኑን ሲጋር በከተማችን ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻቸውን፣ በእጃቸው የሠሩ…»

ሰው አጉረመረመ፤ አደነቀ። ንባቡ ወደ ደግነቱ አለፈ። ትንሽቱ ልጅ ወደ እናቷ ቀና ብላ አየች። ከማዶ መስጊድ የዓስር አዛን ተሰማ። ዘይነባ የልጆቿን እጅ ለቀቀችና መዳፏን አዞር አደረገችው፤ ሳታውቀው ይመስለኛል።

«ረሳሽው ሮሚ?» አለችኝ ቀስ ብላ።

«አስጽፌው ነበር» አልኳት። «ልጁ ነው የቆረጠው።»

በሬሳው አጠገብ አቀርቅሮ የቆመውን ሚኪያስን ረጅም ጊዜ አየችው። ስንት ዓመት ሳውቃት በሰው ላይ ክፉ ቃል ከአፏ ወጥቶ አያውቅም።

«ምን ይደረግ፣ የአባቱ ልጅ ነው» አለችና ሻርፗን አስተካክላ ልትሰግድ ሄደች።